ያላለቀ ሥራ እንዴት ይገመታል? የፕሮሰስ ኮስቲንግ ጥያቄ፣ 98,250 ወይስ 78,000?

ማለዳ | ሰኞ ማታ 2:15

ሰላም ለሁላችሁ። አካውንቲንግ 3ኛ ዓመት ነኝ። የኮስት ፈተናችን ሐሙስ ነው። አንድ የፕሮሰስ ኮስቲንግ (ምርት ከክፍል ክፍል እያለፈ ሲሠራ ወጪው የሚሰላበት ዘዴ) ጥያቄ ላይ ከቅዳሜ ጀምሮ ተጣብቄያለሁ፣ እባካችሁ እርዱኝ።

ጥያቄው ስለ ሳሙና ፋብሪካ ነው። የማብሰያው ክፍል ወሩን ሲጀምር 2,000 ኪሎ ያላለቀ ሳሙና ነበረው። ጥሬ ዕቃው ሙሉ በሙሉ ገብቷል፣ ኮንቨርዥኑ (ዕቃውን ወደ ምርት ለመለወጥ የሚወጣው የጉልበትና የሌላ ሥራ ወጪ) 50% ላይ ነው። በወሩ ውስጥ 10,000 ኪሎ አዲስ ጀመረ። 9,000 ኪሎ ጨርሶ ወደ ሚቀጥለው ክፍል አሳለፈ። ወሩ ሲያልቅ 3,000 ኪሎ ቀረ። የዚህም ዕቃ 100% ገብቷል፣ ኮንቨርዥኑ 40% ነው።

ወጪው እንዲህ ነው። ካለፈው ወር የዞረ ዕቃ 38,000 ብር፣ የዞረ ኮንቨርዥን 12,700 ብር። የዚህ ወር ዕቃ 202,000 ብር፣ የዚህ ወር ኮንቨርዥን 140,300 ብር።

በዌትድ አቬሬጅ (የዞረውንና የዚህን ወር ወጪ አዋህዶ በሚያካፍለው ዘዴ) የመጨረሻውን ዎርክ ኢን ፕሮሰስ (ያላለቀውን ሥራ ዋጋ) አውጡ ይላል። ሁሉንም ወጪ ደመርኩ፣ 393,000 መጣ። 9,000 እና 3,000 ደመርኩ፣ 12,000 ኪሎ። ሳካፍለው ለኪሎ 32.75። በ3,000 ሳባዛው 98,250። መልሱ ግን 78,000 ነው። 20,250 ብሩ የት ገባ?

ቶሎ ልመልስ | ሰኞ ማታ 2:22

ኢኪቫለንት ዩኒት አልሠራሽም። 3,000 በ40% ማለት 1,200 ነው። 9,000 ጨምሪበት፣ 10,200። በሱ አካፍይ።

ማለዳ | ሰኞ ማታ 2:40

አመሰግናለሁ። ሠራሁት። 393,000 ለ10,200 ሲካፈል 38.53 ገደማ። በ1,200 ሳባዛው 46,235 መጣ። ቅድም በዝቶ ነበር፣ አሁን ደግሞ በጣም አነሰ። ጭራሽ ግራ ገባኝ።

የፋብሪካ ሰው | ሰኞ ማታ 3:05

ማለዳ፣ አይዞሽ። ሁለቱም መልስ የተበላሸው በአንድ ምክንያት ነው። እኔ ሳሙና ፋብሪካ ውስጥ የኮስት ክፍል ከገባሁ 14 ዓመት ሆኖኛል፣ ይህን ስህተት ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ልጆች ሁሉ ይሠሩታል። ስለዚህ ቀስ ብለን እንየው።

ካልኩሌተሩን አስቀምጪና ጋኑን ተመልከቺ። ጋኑ ውስጥ 3,000 ኪሎ ሳሙና እየፈላ ነው። ዘይቱ ገብቷል? አዎ፣ ሁሉም። ኮስቲክ ሶዳውስ? ገብቷል። እንግዲህ በዕቃ በኩል ይህ ሳሙና ካለቀው ሳሙና ምንም አይለይም። 3,000 ኪሎ የ3,000 ኪሎ ዕቃ በልቷል።

አሁን ሠራተኛውን፣ እንፋሎቱን፣ መብራቱን ጠይቂ። ከሚያስፈልገው ድካም 40% ብቻ ነው ያገኘው። በድካም በኩል 3,000 ኪሎው የ1,200 ኪሎ ሙሉ ሥራ ያህል ነው። ኢኪቫለንት ዩኒት ማለት ይኸው ነው፣ አቻ ምርት። አንድ ጋን ሁለት ቁጥር አለው፣ የዕቃው ሌላ፣ የድካሙ ሌላ።

የመጀመሪያው ስሌትሽ ድካሙን እንደ ሙሉ ቆጠረው፣ ለዚህ በዛ። ሁለተኛው ዕቃውን እንደ 40% ቆጠረው፣ ለዚህ አነሰ።

ስለዚህ ወጪውን ለሁለት ክፈይው።

ዕቃ፦ 38,000 እና 202,000፣ ድምሩ 240,000። አቻ ምርት 9,000 እና 3,000፣ ድምሩ 12,000። ለኪሎ 20 ብር።

ኮንቨርዥን፦ 12,700 እና 140,300፣ ድምሩ 153,000። አቻ ምርት 9,000 እና 1,200፣ ድምሩ 10,200። ለኪሎ 15 ብር።

ያልተጨረሰው፦ 3,000 በ20 ሲባዛ 60,000። 1,200 በ15 ሲባዛ 18,000። ድምሩ 78,000።

ያለቀው፦ 9,000 በ35 (20 እና 15)፣ 315,000። ሁለቱን ደምሪ፣ 393,000። የገባው ብር በሙሉ ወጥቷል። ይህ ማመሳከሪያ ካልገጠመ ወረቀቱን አታስረክቢ።

(ዋጋው የልምምድ ዋጋ ነው። ዛሬ በ35 ብር አንድ ኪሎ ሳሙና የሚያበስል ፋብሪካ የለም።)

ማለዳ | ሰኞ ማታ 3:21

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! «አንድ ጋን ሁለት ቁጥር» ያሉት ገባኝ። ክፍል ውስጥ ፎርሙላውን ጽፈን ነበር፣ ግን ለምን ሁለት ጊዜ እንደምንሠራው ማንም አልነገረኝም።

ጉሊት | ሰኞ ማታ 3:48

ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ይህን ነገር የተረዳሁት ከእናቴ ጠላ ነው። ጠላው ገና ድፍድፍ እያለ አንድ ጎረቤት መጥታ «ይህንን እንዳለ ሽጪልኝ» ብትላት እናቴ ስንት ትላለች? ጌሾውን፣ ብቅሉን፣ ዱቄቱን ሙሉ ዋጋ ታስባለች፣ ምክንያቱም ገብቷል። ድካሟን ግን እስካሁን የደከመችውን ብቻ ነው የምትጠይቀው። ውሃ መጨመሩ፣ ማጥለሉ፣ መቅዳቱ ገና ነው። ኮስት አካውንቲንግ የሚባል ስም ሰምታ አታውቅም፣ ስሌቱ ግን ያው ነው።

ጥንስስ ላይ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው። ያኔ እንኩሮው ገና አልገባም። ስለዚህ ዕቃውም 100% አይደለም። ሁልጊዜ «ዕቃ 100%» ብሎ መጻፍ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። ዕቃው መቼ እንደሚገባ ጥያቄው ላይ ፈልጉ።

መምህር ነኝ | ማክሰኞ ጠዋት 1:10

የጉሊት ነጥብ ትልቅ ነው። በመውጫ ፈተና ላይም ተማሪ የሚወድቅበት ቦታ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ፈተናው ከመጣ ወዲህ ተማሪዎቼ ፎርሙላ በቃል ይዘው ይገባሉ። ጥያቄው «ማሸጊያው የሚጨመረው ሥራው 80% ሲደርስ ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ከጨመረ ግን ብዙዎቹ ይሳሳታሉ።

ሳሙናውን ራሱን ውሰዱ። ዘይትና ኮስቲክ ሶዳ መጀመሪያ ላይ ይገባሉ። ሽቶውና ቀለሙ ዘግይተው ነው የሚገቡት። ማሸጊያ ወረቀቱ መጨረሻ ላይ። 40% ላይ ያለ ሳሙና ዘይቱ 100% ነው፣ ማሸጊያው 0% ነው። 40% የሚባለው ቁጥር ለሁለቱም አይሠራም። ሲሚንቶም እንዲሁ ነው። የኖራ ድንጋዩ በ1,450 ዲግሪ ገደማ ተቃጥሎ ክሊንከር ይሆናል። ጂፕሰሙ የሚገባው ግን በመጨረሻው መፍጫ ላይ ነው። ግቢ ውስጥ የተከመረ ክሊንከር ላይ የጂፕሰም ወጪ የጫነ ሰው ያልተጠቀመበትን ዕቃ ቆጥሯል ማለት ነው።

ማለዳ፣ አሁን ያንኑ ጥያቄ በፊፎ (መጀመሪያ የገባ መጀመሪያ ይወጣል በሚለው ዘዴ) ሥሪልን። ፈተናሽ ላይ መምጣቱ አይቀርም።

ማለዳ | ማክሰኞ ጠዋት 2:30

እሺ መምህር። ሞከርኩት። በፊፎ የዚህን ወር ወጪ ብቻ ነው የምንወስደው አይደል? ዕቃ 202,000 ለ12,000፣ 16.83። ኮንቨርዥን 140,300 ለ10,200፣ 13.75። ያልተጨረሰው ወደ 67,000 ገደማ ሆነ። ከ78,000 በጣም ራቀ፣ ልክ አይመስለኝም።

መምህር ነኝ | ማክሰኞ ጠዋት 2:44

ልክ እንዳልሆነ መጠርጠርሽ ራሱ ጥሩ ምልክት ነው። ወጪውን የዚህ ወር አደረግሽው፣ ምርቱን ግን ያለፈው ወር ሥራ እንዳለበት ተውሽው። ካለፈው ወር የመጣው 2,000 ኪሎ ዕቃው ሁሉ ያኔ ገብቷል፣ ድካሙም 50%፣ ማለትም 1,000 ኪሎ ያህል፣ ያኔ ተሠርቷል። ያ ሥራ የዚህ ወር ሥራ አይደለም። ቀንሺው።

ማለዳ | ማክሰኞ ጠዋት 3:15

ገባኝ! እንደገና ሠራሁት።

ዕቃ፦ 12,000 ሲቀነስ 2,000፣ 10,000 ኪሎ። 202,000 ለ10,000፣ 20.20 ብር።

ኮንቨርዥን፦ 10,200 ሲቀነስ 1,000፣ 9,200 ኪሎ። 140,300 ለ9,200፣ 15.25 ብር።

ያልተጨረሰው፦ 3,000 በ20.20፣ 60,600። 1,200 በ15.25፣ 18,300። ድምር 78,900።

ያለቀው፦ የዞረው 50,700 ብር ነበረ። እሱን ለመጨረስ 1,000 በ15.25፣ 15,250። በዚህ ወር ተጀምሮ ያለቀው 7,000 ኪሎ በ35.45 (20.20 እና 15.25)፣ 248,150። ጠቅላላ 314,100።

78,900 እና 314,100፣ 393,000። ገጠመ!

የፋብሪካ ሰው | ማክሰኞ ጠዋት 3:20

እሰይ! ጎበዝ!

ሜሪላንድ | ማክሰኞ ከሰዓት 9:05

ከአሜሪካ ነው የምጽፈው። ቀን ሒሳብ መዝገብ እሠራለሁ፣ ማታ ለሲፒኤ (የሒሳብ ባለሙያነት ፈቃድ) ፈተና እያጠናሁ ነው። እዚህ የሚማሩ ልጆች ካሉ አንድ ነገር ልበል። በአሜሪካው የሒሳብ ደንብ፣ በጂኤኤፒ፣ ሊፎ (መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይወጣል የሚለው ዘዴ) ይፈቀዳል፣ ስለዚህ በዕቃ ግምጃ ምዕራፍ ላይ ብዙ ትሠሩታላችሁ። በፕሮሰስ ኮስቲንግ ግን የምንማረው ያው ዌትድ አቬሬጅና ፊፎ ነው።

የገረመኝ ነገር ሁለቱ ዘዴዎች ያመጡት ልዩነት 900 ብር ብቻ መሆኑ ነው። ታዲያ ለምን እንዲህ እንለፋለን?

መምህር ነኝ | ማክሰኞ ማታ 1:30

ልዩነቱ የሚመጣው ከዞረው ሥራ ብቻ ነው። ወሩ ሲጀምር ያላለቀ ሥራ ባይኖር ሁለቱ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣሉ። ይህን ራሳችሁ ሞክሩት፣ 2,000 ኪሎውን ዜሮ አድርጉት።

ዋጋ በዝግታ ሲሄድ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ዋጋ ሲዘል ግን ሌላ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ኬሚካልና ዘይት ከውጭ የሚያስገባ ፋብሪካ ምን እንደገጠመው አስቡት። ጋኑ ውስጥ ያለው በድሮው ዋጋ የተገዛ ነው፣ አዲሱ በአዲሱ ዋጋ። ዌትድ አቬሬጅ ሁለቱን ያዋህዳቸዋል። ፊፎ ይለያቸዋል፣ የዚህ ወር ሥራ ስንት እንደፈጀም ጥርት አድርጎ ያሳያል። እኔ ለሥራ አስኪያጅ ሪፖርት ፊፎን እመርጣለሁ።

ለኢትዮጵያ ተማሪ ደግሞ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት የእኛ ሪፖርት በዓለም አቀፉ ስታንዳርድ ነው የሚሠራው። ከስታንዳርዶቹ ስለ ክምችት የሚናገረው አይኤኤስ 2 ፊፎንና ዌትድ አቬሬጅን ይፈቅዳል፣ ሊፎን አይፈቅድም። ፈተና ላይ ሊፎ ከምርጫ ውስጥ ቢያጋጥማችሁ አትደናገጡ።

ገና ጀማሪ | ማክሰኞ ማታ 2:10

እኔ ባለፈው ዓመት ተመርቄ አንድ ፋብሪካ ገብቻለሁ። ጥያቄዬ ሌላ ነው። መጽሐፉ «40% ደርሷል» ብሎ ይሰጠናል። ፋብሪካ ውስጥ ግን ማንም 40% ብሎ አይነግረኝም። ሰኔ 30 ቆጠራ ላይ የምርት ኃላፊውን ስጠይቀው «ግማሽ በለው» አለኝ። ዝም ብዬ ግማሽ ልጻፍ?

የፋብሪካ ሰው | ማክሰኞ ማታ 3:00

ወንድሜ፣ አትጻፍ። ጥያቄህ የዚህ ሙያ እምብርት ነው፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

እኔም በጀመርኩበት ዓመት «ግማሽ በለው» ተብዬ ግማሽ ጽፌ ነበር፣ ለሁሉም ጋን። ሐምሌ ላይ የኪሎው ወጪ ድንገት ከፍ ብሎ ታየ። ምርት ክፍሉ ተወቀሰ። ሠራተኞቹ አባከናችሁ ተባሉ። ሰዎቹ ምንም አላጠፉም ነበር። ጥፋቱ የኔ ግማሽ ነበረ። ሰኔ ላይ ያልተሠራውን ሥራ ተሠርቷል ብዬ ነበርና ሐምሌ ላይ እዳው መጣ። ያንን ቀን አልረሳውም፣ ምክንያቱም አንድ የማብሰያ ሠራተኛ ጉርሻው ቀረበት።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ይህን ነው። ከምርት ኃላፊው ጋር ቁጭ ብለን ሥራውን በደረጃ ከፈልነው። ማብሰል፣ ማድረቅ፣ ማቀዝቀዝ። እያንዳንዱ ደረጃ ከጠቅላላው ኮንቨርዥን ስንት እንደሚወስድ ከስድስት ወር ወጪ አወጣን። ልብ በል፣ በሰዓት አይደለም፣ በወጪ ነው። ማቀዝቀዝ ረጅም ሰዓት ይወስዳል፣ ግን የሚያወጣው ገንዘብ ትንሽ ነው። ማብሰል አጭር ነው፣ ቦይለሩ ግን ነዳጁን የሚጨርሰው ያኔ ነው። በሰዓት ሲታይ 40% ላይ ያለ ጋን በወጪ ሲታይ 70% ሊሆን ይችላል።

አሁን ሰኔ 30 ማታ ቆጣሪው የሚጽፈው ፐርሰንት አይደለም። «ጋን 3፣ ማድረቅ ላይ፣ ይህን ያህል ኪሎ» ብሎ ነው የሚጽፈው። ፐርሰንቱን እኛ ከሰንጠረዡ እናወጣለን። ዓይን ያየውን ብቻ ይጻፍ፣ ግምቱ በወረቀት የተደገፈ ይሁን። ኦዲተር ሲመጣ የምታሳየው ነገር ይኖርሃል።

ቆጠራው የሚደረግበትን ሰዓትም ያዙ። የማታው ፈረቃ ገብቶ ጋኑን ካንቀሳቀሰ በኋላ የቀኑን ቁጥር መጻፍ ዋጋ የለውም።

ኦዲት ቤት | ረቡዕ ጠዋት 1:45

ይህን ውይይት ሳየው ደስ አለኝ። ኦዲት ላይ ነው የምሠራው። ያላለቀ ሥራ የምንፈራው ቦታ ነው፣ ምክንያቱም ትርፍ ማሳደግ የሚፈልግ ሰው በቀላሉ የሚነካው ያን ፐርሰንት ነው።

የማለዳን ጥያቄ ልጠቀም። 40% የነበረውን 60% አድርጉት። የኮንቨርዥን አቻ ምርት 10,800 ይሆናል። 153,000 ለ10,800፣ 14.17 ገደማ። ያልተጨረሰው 60,000 እና 25,500፣ 85,500 ብር። ከ78,000 ወደ 85,500። አንድ ኪሎ ሳሙና ሳይጨመር፣ አንድ ሰው ሳይሠራ፣ ያላለቀው ሥራ 7,500 ብር አደገ። ያለቀው ሁሉ ተሽጦ ከሆነ ትርፉም በ7,500 ብር አደገ። በትልቅ ፋብሪካ ከኋላው ዜሮ ጨምሩበት።

ስለዚህ ስንመጣ የምንጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ባለፈው ዓመት ስንት ፐርሰንት ነበረ? ዘንድሮ ለምን ተለወጠ? ማን ወሰነው?

ሌላም አለ። መብራት ጠፍቶ ፋብሪካው ግማሽ ወር ቢቆምስ? የቆመበትን ወጪ ጋኑ ውስጥ ባለው ሳሙና ላይ መጫን አይቻልም። ቋሚ ኦቨርሄድ (ምርት ቢበዛም ቢያንስም የማይለወጠው የፋብሪካ ወጪ) በወር 60,000 ብር፣ መደበኛ ምርት 10,000 ኪሎ ከሆነ ለኪሎ 6 ብር ነው። በዚያ ወር የተሠራው 5,000 ኪሎ ብቻ ከሆነ 30,000 ብር ለምርቱ ይጫናል። ቀሪው 30,000 የወሩ ወጪ ሆኖ በቀጥታ ትርፍና ኪሳራው ላይ ይወርዳል። ለኪሎ 12 ብር ብሎ መጫን ስህተት ነው። አይኤኤስ 2 ይህን በግልጽ ይላል። ከመደበኛ በላይ የባከነ ዕቃም እንዲሁ፣ ወጪ ነው እንጂ ክምችት አይደለም።

ገና ጀማሪ | ረቡዕ ጠዋት 2:20

ጋሼም ኦዲት ቤትም እጅግ አመሰግናለሁ። ዛሬ ምርት ኃላፊውን በደረጃ እንክፈለው ብዬ ልጠይቀው ነው። ሰንጠረዡ እስኪያልቅ የዚህን ወር በጋን በጋን እጽፋለሁ።

ማለዳ | ረቡዕ ማታ 1:00

ነገ ነው ፈተናው። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ላስቸግራችሁ። 9,000 ኪሎው ወደ መቁረጫና ማሸጊያ ክፍል አለፈ። እዚያ ወሩ ሲያልቅ 1,000 ኪሎ ቀረ እንበል፣ ኮንቨርዥኑ 30%። ማሸጊያው መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው። ከፊተኛው ክፍል የመጣውን 35 ብር በ30% ላባዛው ወይስ ሙሉውን ልውሰድ?

ጉሊት | ረቡዕ ማታ 1:12

ሙሉውን። የገዛሽው ጥሬ ዕቃ አድርገሽ አስቢው። በሩን ሲገባ 35 ብሩን ይዞ ነው የገባው። ትራንስፈርድ ኢን (ከፊተኛው ክፍል ይዞት የመጣው ወጪ) ሁልጊዜ 100% ነው።

ማለዳ | ረቡዕ ማታ 1:25

ስለዚህ ትራንስፈርድ ኢን 1,000 በ35፣ 35,000። ማሸጊያ ዜሮ፣ ገና አልገባም። ኮንቨርዥን 300 ኪሎ ያህል። የዚያ ክፍል ዋጋ ለኪሎ 4 ብር ቢሆን 1,200። ድምር 36,200። ልክ ነኝ?

የፋብሪካ ሰው | ረቡዕ ማታ 1:31

ልክ ነሽ። አሁን ደብተሩን ዝጊና ተኚ። ጠዋት ቁርስ ሳትበዪ እንዳትሄጂ።